ቺፑን ካልነገራችሁት ሁሉን ያሳልፋል፦ የጂኤንዩ አሴምብለር ግምገማ

ለነፃ ዕቃ ግምገማ መጻፍ ትንሽ ያስቃል። ብር አልከፈልኩበትም። ዋስትና የለውም። ሄጄ የምጨቃጨቀው ሻጭም የለም። ግን እንጀራዬን የምበላው በሱ ስለሆነ ስለሱ ብዙ የምለው አለኝ።

ሥራዬ ትናንሽ መቆጣጠሪያ ቦርዶች ላይ ነው። የውሃ ፓምፕ የሚያስነሱ፣ የማቀዝቀዣ ሙቀት የሚከታተሉ ዓይነት። አብዛኛውን ኮድ በሲ እጽፋለሁ። ቺፑ ገና ሲነሳ የሚሠሩት መስመሮች ግን አሴምብሊ (የፕሮሰሰሩ ትዕዛዞች አንድ በአንድ የሚጻፉበት ቋንቋ) ይፈልጋሉ። ማይክሮሰከንድ የምቆጥርባቸው ቦታዎችም እንደዚሁ። ይህን ሁሉ የምሠራው አሴምብሊን ቺፑ ወደሚረዳው ቋንቋ በሚቀይር አንድ ፕሮግራም ነው፤ በጂኤንዩ አሴምብለር። ሰዉ በአጭሩ «ጋስ» ይለዋል።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ለየፕሮሰሰሩ ስላሉት ልዩ ኦፕሽኖች። ማኑዋሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ረጅም ምዕራፍ አላቸው። አርም አለ፣ ኤቪአር አለ፣ ሪስክ-ፋይቭ፣ ሚፕስ፣ ስፓርክ፣ ዜድ80። ቫክስ እንኳን አልቀረም። ቫክስ ደግሞ የቤቱ የበኩር ልጅ ነው፤ ዲን ኤልስነር የመጀመሪያውን ጋስ የጻፈው ለሱ ነበር።

የሚያበሳጨኝን ላስቀድም። ኮመንት (ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ) አጻጻፉ ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያል። 32 ቢት አርም ላይ ኮመንት የሚጀምረው በ@ ነው። 64 ቢቱ አርም ላይ በ//። ሪስክ-ፋይቭና ኤክስ86 ላይ በ#። ኤቪአር ላይ በ;። ልዩነቱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። 32 ቢት አርም ላይ ; ማለት «ይህ ትዕዛዝ አለቀ፣ ቀጣዩ መጣ» ማለት ነው። ስለዚህ ከኤቪአር ኮድ ላይ «; ፓምፑን አጥፋ» የሚል ኮመንት ገልብጣችሁ አርም ፋይል ውስጥ ብትለጥፉ፣ አሴምብለሩ «ፓምፑን» የሚባል ትዕዛዝ ፍለጋ ይገባል። ከዚያ ኤረር በኤረር ይሆናል።

በተቃራኒውም አለ። አንድ ስም የፈንክሽን ስም መሆኑን ለመናገር ኤክስ86 ላይ @ፈንክሽን ተብሎ ይጻፋል። አርም ላይ ግን ከ@ በኋላ ያለው ሁሉ ኮመንት ነው ተብሎ ይጣላል። እዚያ %ፈንክሽን ነው የሚባለው። እኔ መላ ያበጀሁለት በሲ ዓይነቱ /* */ ነው። ሁሉም ጋ ይሠራል፤ ከሱ ውጭ አልጠቀምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ጊዜዬ የሚያልፈው አርም ላይ ስለሆነ እዚያ ትንሽ ልቆይ።

ጋስን የትኛው ፕሮሰሰር ላይ እንደምትሠሩ የምትነግሩት «ኤም-ሲፒዩ» በሚባለው ኦፕሽን ነው። ለኤስቲኤም32ኤፍ103፣ ማለት ለዚያች ብሉ ፒል ለምንላት ርካሽ ሰማያዊ ቦርድ፣ ኮርቴክስ-ኤም3 ትሉታላችሁ። ለራስበሪ ፓይ ፒኮ፣ ውስጡ ያለው አርፒ2040 ስለሆነ፣ ኮርቴክስ-ኤም0ፕላስ። ምንም ካላላችሁትስ? ዝም ብሎ ይቀበላል። የተጋባዥ ዝርዝር እንዳልተሰጠው የሠርግ ቤት በረኛ የመጣውን ሁሉ ያስገባል።

ምሳሌ ልስጥ። ኤም3 ላይ በአንድ ትዕዛዝ የሚያካፍል ሃርድዌር አለ፤ ትዕዛዙ «ዩዲቭ» ይባላል። ኤም0ፕላስ ላይ ይህ ትዕዛዝ የለም። ፒኮ ላይ ማካፈያው ከፕሮሰሰሩ ኮር ውጭ፣ ለብቻው የተቀመጠ ክፍል ነው፤ የምትጠቀሙትም ሬጅስተሮቹ (ትናንሽ የቁጥር መያዣዎቹ) ላይ በመጻፍ ነው። ከብሉ ፒል የተገለበጠ ኮድ ውስጥ ዩዲቭ ካለና ቺፑን ካልነገራችሁት፣ ጋስ ያለ አንዳች ቃል ያሳልፈዋል። ፒኮው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ሃርድ ፎልት (ቺፑ ከባድ ስህተት ሲያጋጥመው የሚገባበት ሁኔታ) ውስጥ ይገባና ይደርቃል። ኤም0ፕላስ መሆኑን ከነገራችሁት ግን የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ «የመረጥከው ፕሮሰሰር ይህን አያውቅም» የሚል ኤረር ይሰጣችኋል። በአንድ ኦፕሽን ምክንያት ግማሽ ቀን ይተርፋል።

ኦፕሽኑን መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው ፋይሉ ውስጥ ራሱ «.ሲፒዩ» ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ፋይሉ ነገ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ለምን ቺፕ እንደተጻፈ አናቱ ላይ ይታያል።

ሌላው የአርም ጉዳይ «.ሲንታክስ ዩኒፋይድ» ነው። ጋስ ለአርም ሁለት አጻጻፍ ያውቃል፤ አሮጌውንና አዲሱን። ዝም ካላችሁት የሚወስደው አሮጌውን ነው። በአሮጌው፣ ታምብ ሞድ (የአርም አጫጭር ትዕዛዞች) ላይ «አድ» (ደምር) ብላችሁ ስትጽፉ ፍላጎቹ (ውጤቱ ዜሮ ነው፣ ኔጌቲቭ ነው የሚሉት ምልክቶች) ሳይነገራችሁ ይቀየራሉ። በአዲሱ ፍላግ የሚቀየረው መጨረሻው ላይ ኤስ ስትጨምሩ ብቻ ነው። የጻፋችሁትና የሚሆነው አንድ ይሆናል። ዛሬ አሮጌውን አውቆ የሚመርጥ ሰው ያለ አይመስለኝም። የድሮ ኮድ እንዳይሰበር ብለው እንደተዉት ይገባኛል። ቢሆንም አዲስ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይደናቀፋል። አንድ ኮከብ የምቀንሰው በዚህ ነው።

ከዚህም የባሰው ዝም የሚለው ነው። በቅርቡ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ብሉ ፒሏን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ቦርዷ ሞታለች። ኮዱ ያለ አንድ ኤረር ነው ያለፈው፣ መብራቷ ግን ንቅንቅ አትልም።»

«ታምብ ፈንክ አድርገሃል?»

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርቴክስ-ኤም ቺፕ ሲነሳ መጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች ያነባል። አንዱ የስታኩ (የጊዜያዊ ዳታ ማስቀመጫው) አድራሻ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ የሚጀምርበት ቦታ። የሁለተኛው ቁጥር የመጨረሻ ቢት 1 መሆን አለበት፤ «ይህ የታምብ ኮድ ነው» ማለት ነው። 0 ከሆነ ቺፑ ወደ አሮጌው የአርም ሞድ ልግባ ይላል። ኮርቴክስ-ኤም ላይ ያ ሞድ የለም። በቃ፣ እዚያው ፎልት። ያቺን ቢት 1 የሚያደርግላችሁ ስሙ የታምብ ፈንክሽን መሆኑ ሲነገር ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከስሙ በፊት «.ታምብ_ፈንክ» የሚጻፈው። ልጁ አንዲት መስመር ጨመረ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

ጋስ ለምን አላስጠነቀቀም ካላችሁ ምክንያት አለው። ያ ስም ኮድ ይሁን ዳታ በምን ያውቃል? እሺ፣ ልክ ነው። ግን ይህ ነጥብ ማኑዋሉ ውስጥ በደማቅ መጻፍ ነበረበት። አሁን ያለው ከሌሎች መመሪያዎች መሃል ተሰልፎ ነው፤ ካልፈለጋችሁት አታገኙትም።

ሪስክ-ፋይቭ ላይ ደግሞ ስሜቴ ሌላ ነው። ንጹሕ ነው። እዚህ «ማርች» በሚለው ኦፕሽን የፕሮሰሰሩን ችሎታ ፊደል በፊደል ትጽፋላችሁ። ሲኤች32ቪ003 የምትባለውን ቺፕ ውሰዱ። 16 ኪሎባይት ፍላሽ፣ 2 ኪሎባይት ሚሞሪ ነው ያላት፤ ዋጋዋም የሻይ ነው። ማርቿ «አርቪ32ኢሲ» ነው። ኢ ማለት ሬጅስተሮቹ 32 ሳይሆኑ 16 ብቻ ናቸው ማለት ነው። ሲ ማለት አጫጭር፣ 16 ቢት ትዕዛዞችን ታውቃለች ማለት ነው። እንዲህ ብላችሁ ከነገራችሁት፣ ኤ6 የሚባለውን ሬጅስተር ስትጠሩ ወዲያው ይከለክላችኋል። ቺፗ ላይ የለማ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ግን ሪስክ-ፋይቭ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የማስነሻ ኮድ የሚጽፍ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሊንከሩ (የተለያዩ የኮድ ክፍሎችን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያያይዘው) ኮድ ለማሳጠር ሲል ረጅም የአድራሻ መጫኛን በጂፒ ሬጅስተር በኩል ወደ አንድ አጭር ትዕዛዝ ይቀይራል። ጎበዝ ነው። ችግሩ ጂፒን ራሱን የምትሞሉባት መስመር ላይ ነው። እሷንም ካሳጠራት «ጂፒን ከጂፒ ሙላ» ሆና ትቀራለች። ጂፒ ውስጥ ደግሞ ገና ምንም የለም። ስለዚህ ያቺን መስመር «.ኦፕሽን ፑሽ»፣ «.ኦፕሽን ኖሪላክስ» ከላይ፣ «.ኦፕሽን ፖፕ» ከታች አድርጋችሁ ታጥሯታላችሁ። ፑሽና ፖፕ መኖራቸውን ወድጄዋለሁ። ለአንድ መስመር የቀየራችሁት ነገር ሌላው ፋይል ላይ አይፈስም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ቢንዩቲልስ 2.38 (ጋስ የሚመጣበት ጥቅል) የሪስክ-ፋይቭ መነሻ ደንቡን ወደ አዲሱ ቀየረው። የቁጥጥር ሬጅስተሮችን የሚያነቡት ትዕዛዞች ከመሠረቱ ወጥተው «ዚሲኤስአር» የሚባል ለብቻው የሚጠራ ተጨማሪ ሆኑ። ትናንት ያልፍ የነበረ ኮድ ዛሬ «ዚሲኤስአር ያስፈልጋል» ተብሎ ተመለሰ። መፍትሔው ማርቹ መጨረሻ ላይ ስሙን መጨመር ብቻ ነው። ለውጡ ከደንቡ ጋር ስለሚሄድ ትክክል ነው። ቢሆንም ፓኬጅ አሻሽሎ ኤረር ላይ የተፋጠጠ ሰው «ደንቡ ነው» ሲባል አይጽናናም። ስለዚህ ለደንበኛ በማስረክበው ፕሮጀክት ውስጥ የጋሱን ቨርዥን ጽፌ አስቀምጣለሁ።

ኤክስ86ን በአጭሩ ልለፈው፤ የዕለት ሥራዬ አይደለም። ጋስ በልማዱ የሚጽፈው በኤቲ-ኤንድ-ቲ አጻጻፍ ነው። ሬጅስተሩ ፊት %፣ ቁጥሩ ፊት $፣ መነሻው በግራ፣ መድረሻው በቀኝ። የኢንቴልን መጽሐፍ ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ሁሉ ነገር የተገለበጠ ነው። «.ኢንቴል_ሲንታክስ ኖፕሪፊክስ» ብትሉት ይስተካከላል። የኢንቴል ባግ የሚያቃልለው ኦፕሽን ግን አስገርሞኛል። በኖቬምበር 2019 እ.ኤ.አ. ኢንቴል በስካይሌክ ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች ላይ ስህተት እንዳለ ገለጸ። የዝላይ ትዕዛዝ የ32 ባይት ድንበር ሲያቋርጥ ወይም ድንበሩ ላይ ሲያልቅ ነው ችግሩ። የኢንቴል ማስተካከያ ስህተቱን ዘጋ፤ ግን እንዲህ ያሉ ቦታዎች ላይ ፍጥነት ቀነሰ። ጋስ በ2.34 ዝላዮቹ ድንበር ላይ እንዳይወድቁ የሚያደርግ ኦፕሽን ጨመረ። ሲሊኮን ላይ የተሠራ ስህተት በአሴምብለር ኦፕሽን ሲታከም ማየት ደስ ይላል። ሚፕስ ክፍል ውስጥም ለሎንግሰን 2ኤፍ የተጻፈ አለ። እዚያ ቺፑ ላይ ችግር የሚፈጥረው «ኖፕ» ነው፤ ምንም አለመሥራት! ጋስ በሌላ ምንም የማይሠራ ትዕዛዝ ይተካዋል። ያን ቺፕ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ ግን ማኑዋሉን ስገልጥ እዚያች ጋ ሁሌ እስቃለሁ።

ኤቪአር? ሰላም ነው። «ኤም-ኤምሲዩ» ብላችሁ ኤትሜጋ328ፒ ወይም ኤቲታይኒ85 ትሉታላችሁ። ታይኒዋ ላይ ማባዣ ትዕዛዝ ስለሌለ «መል» ስትጽፉ ይከለክላል። አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለው ሜጋ ግን ስላለው ዝም ይላል። ስለሱ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

አጠቃቀም ላይ አንድ ምክር። ጋስን በቀጥታ ከመጥራት በጂሲሲ (በጂኤንዩ የሲ ኮምፓይለር) በኩል ጥሩት። ለጂሲሲ የነገራችሁትን ፕሮሰሰር እሱ ለጋስ ያቀብልላችኋል። የፋይላችሁ ስም መጨረሻ ትልቁ ኤስ ከሆነ ደግሞ እንደ ሲ ዲፋይንና ኢንክሉድ ይሠራላችኋል። ትንሹ ኤስ ከሆነ ግን አይሠራም። ይህች የፊደል ልዩነት ስንቱን አንገላታለች።

ማኑዋሉ ደረቅ ነው። ምሳሌው ጥቂት ነው። ግን ላፕቶፓችሁ ላይ ከጫናችሁት ኔት ባይኖርም ይከፈታል። ኔት ሲሄድ ሲመጣ ለሚውል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፕሮግራሙም ቀላል ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳን ሳይንቀራፈፍ ይሠራል።

ከሌሎቹ ጋር ሳወዳድረው፦ የኬይል አሮጌው አርም አሴምብለር አጻጻፉ ሌላ ነው፤ ኮዱን ወደዚህ ማምጣት ማለት እንደገና መጻፍ ነው። አርም ኩባንያ ራሱ በኮምፓይለር 6 ያንን አሮጌ አሴምብለር ወደ ጎን አድርጎ የጂኤንዩን አጻጻፍ ይዟል። ስለዚህ ዛሬ የሚማር ሰው ጋስን ቢማር አይከስርም። ክላንግ (ሌላ የሲ ኮምፓይለር) ውስጥ ያለው አሴምብለርም አብዛኛውን የጋስ ኮድ ያነባል፤ ኤረሮቹም ከጋስ ይልቅ ለዓይን ይቀላሉ።

ነጥቤ፦ ሪስክ-ፋይቭ 5 ከ5፣ አርም 4፣ ኤቪአር 4፣ ኤክስ86 3። ሥራችሁ ኤክስ86 ላይ ብቻ ከሆነ ናዝም የሚባለውን አሴምብለር ውሰዱ፤ አጻጻፉ ከኢንቴል መጽሐፍ ጋር ይቀራረባል፣ % እና $ም አያስቆጥራችሁም። ዛሬ አርም፣ ነገ ሪስክ-ፋይቭ እያላችሁ የምትዞሩ ከሆነ ግን ጋስን ጫኑ፤ ማክፋይላችሁ ውስጥም ኤም-ሲፒዩን ወይም ማርችን ከሁሉም በፊት ጻፉ።