ሌብል ወይስ አኖቴሽን፣ ለጀጎል ካርታ የቱ ይሻላል?

በኪውጂአይኤስ (የካርታ መስሪያ ሶፍትዌር) የሐረር ጀጎልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረውን አሮጌ ከተማ፣ ካርታ የምትሰሩ ልጆች፣ ከሁሉም የሚያስቸግረው ጽሁፉ ነው አይደል? እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ሌብል ሶፍትዌሩ ራሱ ካርታው ላይ የሚጽፈው ጽሁፍ ነው፣ ስሙን በቀጥታ ከአትሪቢዩት ቴብሉ (የቦታዎቹ መረጃ ካለበት ሰንጠረዥ) ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ "ሸዋ በር" ብቻ የነበረውን "አስማዲን በሪ / ሸዋ በር" ብላችሁ ቴብሉ ላይ ካረማችሁ ካርታውም አብሮ ይታረማል። ግን ጀጎል ጠባብ ነው፣ 48 ሄክታር ገደማ፣ ስሞቹ ይጋጫሉ፣ ሲጋጩ ደግሞ እናንተ ካልፈቀዳችሁ አንዱ ይደበቃል። ቡዳ በር ሲጠፋብኝ ዳታው የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ዙም ሳደርግ ተመልሶ መጣ።

አኖቴሽን በእጅ ነው የሚጻፈው፣ የፈለጋችሁበት ታስቀምጡታላችሁ፣ ለአምስቱ ጥንታዊ በሮች ብቻ ከሆነ በጣም ቆንጆ ነው። ቴብሉን ግን አያውቀውም፣ የመስጊዶቹን ስም በሙሉ እንደዛ ጽፌ "ሀ"ና "ሐ"ን አንድ በአንድ ሳስተካክል መሽቶ ነጋ።

እኔ ሌብሉን ነው የምመርጠው፣ የተጋጨውን ብቻ በሌብል ማንቀሳቀሻው ጎትቼ ከግንቡ ውጪ አወጣዋለሁ፣ ቦታው ከፕሮጀክቱ ጋር ሴቭ ይሆናል። ደግሞ በሳተላይት ምስል ላይ ከሆነ ለፊደሉ ነጭ በፈር (በዙሪያው የሚዞር ጠርዝ) ጨምሩለት፣ ያለሱ "ጸ" እና "ጻ" አይለዩም።