ባህር ዳርቻ ላይ ወፍ ለማየት፦ ግንቦት ወይስ መስከረም?

የምትሄዱበት ባህር ዳርቻ ሰሜኑ የዓለም ክፍል ላይ ከሆነ ተጓዥ ወፎቹ በዓመት ሁለቴ ነው የሚያልፉት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወደ ሰሜን ሊፈለፍሉ ሲሄዱ እና ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ ሲመለሱ።

ግንቦት ላይ ቆንጆ ናቸው በቃ። ቀይ ኖት የምትባለው ወፍ ብርዱን ሁሉ ግራጫ ሆና ከርማ ያኔ ደረቷ እንደ ሸክላ ይቀላል፣ ስለዚህ ለመለየት ቀላል ነው። ችግሩ ይቸኩላሉ፣ ቀድሞ የደረሰ ነዋ ጥሩ ቦታ የሚይዘው፣ ዛሬ ዳርቻውን ሞልተው ያያችኋቸው ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

መመለሻው ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ወራት ይፈጃል፤ መጀመሪያ ትልልቆቹ ይመጣሉ፣ ብዙዎቹ ጫጩቶች ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ለብቻቸው፣ መንገዱን ማንም ሳያሳያቸው (ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ገና 5 ወር ገደማ የሆነው አንድ ጎድዊት የሚባል የባህር ዳርቻ ወፍ ከአላስካ ታዝማኒያ ድረስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ሳያርፍ በሯል)። የዘንድሮ ጫጩቶች ስለሚጨመሩ ቁጥራቸውም ይበዛል። ላባቸው ግን ደብዝዞ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ እኔ ራሴ ስንቴ ተሳስቻለሁ መሰላችሁ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ግንቦት፣ ትዕግስት ካላችሁ መስከረም፣ እኔ መስከረምን ነው የምመርጠው። ብቻ በሁለቱም የባህሩ ውሃ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት እዩ፣ ውሃው ሞልቶ ጫፍ ከመድረሱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ጭቃው እየተሸፈነ ሲሄድ ወፎቹ ወደናንተ ይጠጋሉ፤ ውሃው ርቆ ከሸሸ በኋላ ከሄዳችሁ በባይኖኩላርም ነጥብ ነጥብ ነው የምታዩት።