ለ12 ዶሮ ተብሎ የተሸጠልኝ ቤት፣ ከስምንት ወር በኋላ

መስከረም ላይ እዚህ ደብረ ብርሃን ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ተሠርቶ ያለቀ የዶሮ ቤት በ9,800 ብር ገዛሁ። ርዝመቱ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አንድ ሜትር ነው፤ ከመሬት 60 ሳንቲ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሳሶ የሚባለው ዝርያ የ45 ቀን ጫጩቶች አሥራ ሁለት አስገባሁበት።

እግሮቹ ጠንካሮች ናቸው፣ የበልጉ ዝናብም ወለሉን አላረጠበውም። ከሁሉ የወደድኩት እንቁላል መጣያ ሳጥኑን ነው። ክዳኑ በውጭ በኩል ስለሚከፈት እናቴ ወገቧን ሳታጎብጥ እንቁላሉን ትሰበስባለች።

ሽቦው ግን በጣም አሳዝኖኛል። ያቺ ቀጭን፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ የዶሮ ሽቦ ናት። ዶሮ እንዳይወጣ ትይዛለች እንጂ አውሬ እንዳይገባ አትከለክልም። ጥቅምት ውስጥ አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ በጥጉ በኩል ፈልቅቆ ገብቶ ሁለቱን ገደለብኝ። አንዷ ልጄ ከእጇ የምታበላት ነበረች። ጠዋት ስመለከት ሽቦው የተያዘው በትንንሽ ምስማር ብቻ ነበር፣ ምስማሩም ተነቃቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። በዚያው ሳምንት ሽቦውን በሙሉ አስነቀልኩትና ጣት የማያስገባ የተበየደ ሽቦ አስገባሁ፤ ጠርዙን በጣውላ አስጨንቄ በቪቴ አሳሰርኩት። በሩንም ከመቀርቀሪያው ሌላ ትንሽ ቁልፍ ጨመርኩለት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ዱካ አይቻለሁ፣ የገባ ግን የለም።

«12 ይይዛል» የተባለው ለጫጩት እውነት ነው። ሲያድጉ ግን ላባ ይነቃቀሉ ጀመር። በካሬ ሜትር ከአራት እስከ አምስት ዶሮ ነው የሚመከረው፤ ስለዚህ ሦስቱን ለጎረቤት ሸጬ ሰባት አስቀረሁ፣ መነቃቀሉም ቆመ።

ቆጡ የብረት ቱቦ ነው፤ ለደብረ ብርሃን ውርጭ የታሰበ አይደለም። አውጥቼ በሞራሌ ቀየርኩት፣ ሰፊው ጎኑን ወደ ላይ አድርጌ። አሁን ጣቶቻቸውን በደረታቸው ላባ ሸፍነው ያድራሉ።

ታኅሣሥ ላይ ብርዱን ፈርቼ ዙሪያውን በላስቲክ ደፈንኩት። በሦስተኛው ቀን በሩን ስከፍት የኩሱ ሽታ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ዶሮዎቹም ያነጥሱ ነበር። ክትባታቸውን ጨርሰው ሳለ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባብኝ ብዬ ደነገጥኩ። የእንስሳት ሐኪሙ አይቷቸው ላስቲኩን እንዳወርድ፣ ከጣሪያው ሥር ከራሳቸው በላይ አንድ ስንዝር ክፍት እንድተው ነገረኝ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወፈር አድርጌ አነጠፍኩ፣ የረጠበውንም በየሁለት ቀኑ አወጣለሁ። በሳምንት ውስጥ ማንጠሱ ጠፋ። እናንተም ብርድ አገር ከሆናችሁ ነፋሱን ከታች ዝጉ እንጂ ከላይ አትድፈኑ።

ሽቦው፣ ሞራሌው፣ ቁልፉና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ሌላ 2,900 ብር አወጣሁ። ቤቱን የሠራውን አናጢ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሳይከፋው ሰማኝ፤ ከመጀመሪያው ከታዘዘ የተበየደውን ሽቦና የእንጨት ቆጥ በ1,400 ብር ጭማሪ እሠራለሁ አለ። እህቴ በዚሁ ዋጋ ለስድስት ዶሮ አዝዛለች፤ ትናንት ግቢዋ ድረስ ሄዶ ልኬቱን ወስዷል።