ለዱላ ኪራይ ከፈልኩ፦ ሁለት ቀን በጽዮን ፓርክ

ለዱላ ገንዘብ የምከፍልበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አያቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር? ግን ባለፈው ኦክቶበር ዩታ ውስጥ ስፕሪንግዴል የምትባል አንዲት ሚጢጢ ከተማ ገብቼ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ ካርዴን ሰጥቼ ወንዝ ውስጥ ለመሄጃ የሚሆን ዱላ ተከራየሁ። ይሄው አሁን ደግሞ ተቀምጬ አስተያየት እየጻፍኩለት ነው።

ቬጋስ ለምንኖር ሰዎች ጽዮን ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ 260 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ። እኔ ግን ስንት ዓመት ሰው ከኤርፖርት ካሲኖ ሳመላልስ ኖሬ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ከዴንቨር መጥቶ ነው "ጽዮን አጠገብህ ተቀምጣ ሳትሳለማት?" ብሎ የነዘነዘኝ። ስሙን ያወጡለት የሞርሞን ሰፋሪዎች ናቸው፤ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ደግሞ በፈረንጆቹ 1919። ሸለቆው ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ተራሮች አሉ፤ አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ ይባላሉ። የአክስቴ ልጅ ይሄን ሲሰማ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ አማተበ።

ከቬጋስ ለምትመጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዩታ ከኔቫዳ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እኛ ማልደን ደረስን ብለን ስንኩራራ ስልካችን ራሱ አንድ ሰዓት ጨምሮ ጠበቀን። የፓርኩ መኪና ማቆሚያ ጢም ብሎ ነበር፣ ከተማው ውስጥ ከፍለን አቆምን። መግቢያው ለአንድ መኪና 35 ዶላር ሲሆን ለ7 ቀን ያገለግላል። ሸለቆው ውስጥ ግን ከማርች እስከ ኖቬምበር የግል መኪና አይገባም፤ በነፃ አውቶቡስ ነው የሚኬደው። አውቶቡሱን ወድጄዋለሁ። ብዙ ሳያስጠብቅ ይመጣል፣ ሹፌሩም ያወራል። እኔም ሹፌር ስለሆንኩ አዘንኩለት፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ወሬ መደጋገም ቀላል አይደለም።

ዱላውን ወደ ተከራየሁበት ሱቅ ልመለስ። ስሙን አልጠራም። ጫማ፣ ወፍራም የላስቲክ ካልሲና ዱላ አንድ ላይ ነው የሚያከራዩት። ጫማው አሪፍ ነው፣ ሶሉ ድንጋይ ቆንጥጦ ይይዛል። ካልሲው ግን ከትናንት ሰው እግር የወጣ ይመስል እርጥብ ነበር። "ልቀይርልህ?" እንኳን ያለኝ የለም፤ እኔው ጠይቄ ነው የተቀየረልኝ። በሌላ በኩል ዱላውን የሰጠኝ ልጅ አንድ ወርቅ ምክር ሰጠኝ፦ አንድ እግርህን ስታነሳ ሌላው እግርህና ዱላህ መሬት ይዘው መሆን አለባቸው። የአክስቴ ልጅ በዚህ ሁሉ ይስቃል። "እኔ ስኒከር አለኝ። ዱላ ደግሞ ከመንገድ አነሳለሁ፣ ኪራይ ብሎ ነገር የለም።"

ናሮውስ የሚባለው መንገድ መንገድ የለውም። ወንዙ ራሱ ነው መንገዱ። ከመጨረሻው ፌርማታ ወርዳችሁ አንድ ማይል ያህል በአስፋልት ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ አስፋልቱ ውሃው ውስጥ ያልቃል፣ ሰውም ተከታትሎ ይገባል። ከታች ወደ ላይ ለሚሄድ ፈቃድ አያስፈልግም። ውሃው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ታች ያለው ድንጋይ እንደ ተልባ ያሟልጫል። ገደሉ ግራና ቀኝ እየተጠጋ ይሄድና ዎል ስትሪት የሚሉት ቦታ ላይ ሰማዩ ከላይ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ግድግዳው ወደ ላይ 300 ሜትር ገደማ ነው፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ ያለህ ሳይኖር ዝቅ ታደርጋለህ።

የዱላው ዋጋ እዚያ ነው የገባኝ። ወለሉ የማይታይበት ቦታ ስትደርስ እሱ ቀድሞህ ይገባል። ጉልበት ነው ወይስ ወገብ፣ አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ፣ እጅህ ላይ ይነግርሃል። የአክስቴ ልጅ ያነሳው ዱላ ደግሞ የበሰበሰ ነበርና መሀል ወንዝ ላይ ቀጭ አለ፤ እሱም ተከትሎ ዘፍ! ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። እንደ ወጣ አንድ ቃል አልተናገረም፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስክር አልሳቅኩም፣ ቢያንስ እሱ እያየኝ።

ግን ቀልድ ያልሆነው ነገር ደራሽ ውሃ ነው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሩቅ ቦታ የዘነበው ዝናብ ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ፎቶውን ትታችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ፓርኩ የየዕለቱን የጎርፍ ስጋት ይለጥፋል፣ ሳታዩ አትግቡ። መርዛማ ባክቴሪያ ስላለበትም ውሃውን አትጠጡ፣ ጭንቅላታችሁንም አትንከሩ። እኛ ዎል ስትሪትን ትንሽ አልፈን ተመለስን። ከዚያ ወዲያ ቢግ ስፕሪንግ እሚባለው ቦታ ድረስ ደርሶ መልሱ 15 ኪሎ ሜትር ነው፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ይረዝማል።

በሁለተኛው ቀን ኤንጅልስ ላንዲንግ፣ የመላእክት ማረፊያ የሚሉት ተራራ። እዚህ ከ2022 ወዲህ ያለ ፈቃድ ጫፍ አይወጣም፣ ፈቃዱም በዕጣ ነው። ለማመልከት 6 ዶላር፣ ከወጣላችሁ በሰው 3 ዶላር። እኛ በዋዜማው ዕጣ ሞክረን ወጣልን። ደርሶ መልሱ 8.7 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 450 ሜትር ገደማ። መጀመሪያ 21 ጊዜ የሚጠማዘዝ አቀበት ያለፋችኋል፣ ከዚያ ስካውት ሉክአውት ላይ ትደርሳላችሁ። ያለ ፈቃድ የሚኬደው እስከዚያ ነው። የቀረው 800 ሜትር የተራራ ጀርባ ነው፣ ግራው ገደል፣ ቀኙ ገደል፣ መሀሉ ሰንሰለት። የሚወጣውም የሚወርደውም ያችኑ አንዲት ሰንሰለት ነው የሚይዘው። አንድ ሰው ፈርቶ ከቆመ ሁሉም ይቆማል።

ያ ፈርቶ የቆመው ሰው እኔ ነበርኩ። ትንሽ ሄጄ ቁልቁል አየሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ይቅርታ እያልኩ ተመለስኩ። የአክስቴ ልጅ፣ ያ ትናንት ወንዝ ውስጥ የተዘፈቀው፣ እንደ ፍየል ዘሎ ጫፍ ወጣ። እኔ ስካውት ሉክአውት ላይ ቁጭ ብዬ ቆሎዬን ከሽኮኮ ስከላከል ዋልኩ። ሽኮኮዎቹ ዓይን አውጣ ናቸው፣ የቦርሳ ዚፕ ይከፍታሉ ብባል አምናለሁ። መመገብ ያስቀጣል፣ እነሱም ይነክሳሉ።

ምርጫዬ ናሮውስ ነው፣ አምስት ኮከብ። ኤንጅልስ ላንዲንግን ያልወጣሁትን አልፈርድበትም፤ ከፍታ ለሚፈራ ሰው ግን እስከ ስካውት ሉክአውት ድረስም ይበቃል። ሱቁ ለእርጥቡ ካልሲ አንድ ኮከብ ይቀነስበት፣ አራት። በበጋ የምትሄዱ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ስለሚሄድ ውሃ ከመጠን በላይ ያዙ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ደግሞ ለፋሲካ እንድገም እያለ ይደውላል። በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል፣ ፍሰቱ በሴኮንድ ከ150 ኪዩቢክ ጫማ ካለፈ ናሮውስን ይዘጉታል፣ እስከ ጁን ታገስ አልኩት። እሺ ብሏል፤ የሱቁን ስልክ ቁጥርም ጠይቆኛል።