የልብ ወለዳችሁ መነሻ አልያዝ ላላችሁ፦ እኔን ያገዙኝ መምህርት

ይህን የምጽፈው የልብ ወለድ ረቂቅ አንብበው አስተያየት የሚሰጡ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርትን ለማመስገን ነው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

አራት ዓመት የለፋሁበት 280 ገጽ ረቂቅ ነበረኝ፤ ጅማ ውስጥ በቡና መጋዘን ሚዛን የሚይዝ ሰው ታሪክ። ጓደኞቼ «አሪፍ ነው፣ በርታ» ይሉኛል። ስለ መጨረሻው ስጠይቃቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ። ሦስተኛውን ምዕራፍ ያለፈ ያለ አይመስለኝም።

እትዬ (መምህርቷን እንዲህ ነው የምጠራቸው) ግን ረቂቁን ስሰጣቸው የመጀመሪያውን 50 ገጽ ብቻ አስቀርተው ሌላውን መለሱልኝ። በሳምንቱ ቤታቸው ጠሩኝና ቡናው እየተፈላ «በል አንብብልኝ» አሉኝ። የጅማ ጭጋግ፣ የሰውየው ከእንቅልፍ መነሳት፣ ፊቱን መታጠቡ፣ የአባቱ ታሪክ፣ የአያቱ ታሪክ... እሳቸው ዝም። አልፎ አልፎ ብቻ ራሳቸው በያዙት ቅጂ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ። ለካ ነጥቦቹ ሐሳባቸው ወደ ጀበናው የሄደባቸው ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ስድስት!

ከዚያ፦ «ይህ ሰውዬ ነገሩን ትቶ እንደ ትናንቱ መኖር የማይችለው ከስንተኛው ገጽ ጀምሮ ነው?»

«ከሰጠሁዎት ውስጥ የለም» አልኩ እያፈርኩ። ሐሰተኛው የሚዛን ደረሰኝ ላይ የሚፈርመው ገጽ 94 ላይ ነበር።

«እስከዚያ ታዲያ እኔ ምን ልጠብቅ?»

ተከራከርኩ እንጂ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ከበዛብህ ወላጆች ነው የሚነሳው አልኳቸው። ሳቁ። «ወላጆቹ እዚያ የገቡት ለትውውቅ መሰለህ? ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት የተሳሉት ስለት እኮ ገና ሰብለወንጌልን ሳያያት እግሩን አስሮታል። ያንተ ሰውዬ አያት ምን አሰሩበት?» ምንም አላሰሩበትም። እኔ በዝግታ መጀመር ጥፋት ይመስለኝ ነበር፤ ጥፋቱ በኋላ ሰውየውን የሚይዘው ነገር ሳያስሩ መዘግየት ነው።

እንደገና ጻፍኩት። አሁን ሰውየው ሲገባ ጆንያ እየቆጠረ ነው፦ መዝገቡ 60 ይላል፣ መሬት ላይ ያለው 57። ፊርማው ገጽ 31 ላይ መጣ። አባቱ ቀረ፤ ምክንያቱም ያንኑ ሚዛን ከልጁ በፊት ይይዝ የነበረው እሱ ነው፣ ልጁም ሲፈርም የሚያፍረው እሱን ነው። አያቱ ወጡ። እውነቱን ለመናገር ስለሳሳሁላቸው ሰባተኛው ምዕራፍ ውስጥ ግማሽ ገጽ ሸሽጌያቸው ነበር። እትዬ አገኟቸው፤ አጠገባቸው ሁለት ነጥብ።

ሂሳባቸው በገጽ ነው፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለሁለተኛው ንባብ ግን ከእኔ ገንዘብ አልተቀበሉም። ኮምፒውተር አይነኩም፤ ፊደሉን ተለቅ፣ መስመሩን ራቅ አድርጋችሁ ሁለት ቅጂ አሳትሙ። ይዘገያሉ፤ የእኔ አምስት ሳምንት ፈጅቷል። «በርታ» መባል ብቻ ለሚፈልግ አይሆኑም። አሳታሚ አገናኙኝም አትበሏቸው፣ እሱ ውስጥ አይገቡም።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሁለተኛው ምዕራፍ እርማት ሰኞ ይደርስዎታል።