ቲ-55ን ለመገጣጠም፦ ታሚያ፣ ሚኒአርት ወይስ ትንሹ ሬቬል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ የመጀመሪያ ታንክ ሞዴላችሁን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ የታሚያን ቲ-55ኤ (የሶቪየት ታንክ ነው) በ1/35፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ባነሰ መጠን ግዙ። ታሚያ፣ ሚኒአርትና ሬቬል የሚገጣጠሙ ሞዴሎችን የሚሠሩ ድርጅቶች ናቸው። ሚኒአርት በዝርዝር ይበልጠዋል፣ ሬቬል በ1/72 ደግሞ በዋጋ ይቀላል። እኛ ጋ ግን አንድ ቁራጭ ቢጠፋ ሮጦ የሚተካበት የሞዴል ሱቅ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ስትጀምሩ የሚሻለው ሳይጨቃጨቅ የሚገጥመው ኪት (የሚገጣጠሙ ቁርጥራጮች ሳጥን) ነው።

ቲ-55ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቲ-54/55 ቤተሰብ በ1970 ዓ.ም. የሶቪየት መሣሪያ በገፍ ሲገባ ወደ አገራችን ከመጡት ታንኮች ዋነኛው ነው። ዛሬም ወታደር የነበረ አባት ያለበት ቤት ሞዴሉን ብታሳዩ ስሙን ሳትነግሩት ይለየዋል። መለያው በየጎኑ ያሉት አምስት ትልልቅ ጎማዎች ናቸው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ይሰፋል።

በመጠን ረገድ 1/35 ከነአፈሙዙ ወደ 26 ሳ.ሜ. ይደርሳል፤ 1/72 ደግሞ 12.5 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው። ሬቬል ለጠባብ ቤት ይመቻል፣ ቀለምም አይጨርስም። መያዣና መንጠቆዎቹ ግን ፀጉር ስለሚያህሉ ያለ ጥሩ ወረንጦና ያለ ጠንካራ ብርሃን ዓይን ያደክማሉ። ለልጅ ነው ብሎ ትንሹን መግዛት ብዙ ጊዜ ልጁን ተስፋ ያስቆርጠዋል።

ትልቁ ልዩነት ሰንሰለቱ ላይ ነው። ታንኩ ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፉ ትንንሽ ጎማዎች ስለሌሉት ሰንሰለቱ በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ይተኛል። ሚኒአርት በአንድ ጎን 90 ገደማ የሰንሰለት ቁርጥራጮችን አንድ በአንድ ያስገጥማችኋል፤ ውጤቱ እውነተኛው ራሱ ነው፣ ትዕግሥቱ ግን የሳምንት ነው። የታሚያው አንድ ወጥ ላስቲክ መሰል ቀበቶ ነው፤ ዝም ካላችሁት ተወጥሮ ይቆማል። እያንዳንዱ ጎማ አናት ላይ ማጣበቂያ ጠብ አድርጋችሁ አጣብቁትና እስኪደርቅ በጥጥ ጠቅጥቁት፤ ከሩቅ ማንም አይለየውም።

የሚኒአርት ሙሉ የውስጥ ክፍል ያለው ኪት ከ1,000 በላይ ቁርጥራጭ አለው፤ ሞተሩንም የጥይት መደርደሪያውንም ትገጣጥማላችሁ። ክዳኑን ከዘጋችሁት ግን ያ ሁሉ ሥራ አይታይም። ከኪቱ ጋር የሚመጡት ስስ የናስ ቁርጥራጮች ደግሞ በፕላስቲክ ማጣበቂያ አይያዙም፤ ሱፐር ግሉ ይፈልጋሉ።

ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው አንድ ነገር ላስምርበት። ሳጥኑን ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ የፕላስቲክ ማጣበቂያና የዘይት ቀለም ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን መንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም። የታሚያ አክሪሊክ ቀለምም አልኮል አለበት። ስለዚህ በውኃ የሚሟሟውን የቫሌሆ ቀለም አስልኩ። ለማጣበቂያ ከቀለም ቤት የሚገኘው የመኪና ቲነር ፕላስቲኩን አቅልጦ ያያይዛል፤ በቀጭን ብሩሽ መገጣጠሚያው ላይ ነካ ማድረግ ይበቃል። በር ተከፍቶ፣ የቡና ከሰል ከክፍሉ ወጥቶ ይሁን፤ የቲነሩ ትነት ይመርዛል፣ ይቀጣጠላልም። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ነጭ ጉም ይተዋል። በሐምሌ የደሴ እርጥበት ይህ ይባባሳል፤ መስታወት መሰል ክፍሎችን በሱ አትንኩ።

ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ መሣሪያ) ካላችሁ፣ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ቀለሙ አፉ ላይ ቶሎ ይደርቅባችኋል፤ ትንሽ አቅጥኑት። ደሴ ላይ ብሩሽ ይበቃል፤ በሁለት ሦስት ስስ ንብርብር ግን ቀቡት።

ለማስዋቢያ ገንዘብ አታባክኑ። የመንገድ አቧራ በስቶኪንግ አጥልሉትና በስሱ ጎማውና የታችኛው አካል ላይ በትኑ። ሰንሰለቱ መሬት የሚነካበትን ጫፍ በእርሳስ አሹት፤ ብረቱ እንደተፋቀ ያበራል። የጭስ ማውጫው በግራ ጎን ስለሆነ የከሰል ዱቄቱን እዚያ ብቻ አሳርፉ፤ በሁለቱም ጎን ማጥቆር የተለመደ ስህተት ነው።

አንድ ታንክ ጨርሳችሁ እጃችሁ ከለመደ በኋላ ሚኒአርትን ግዙ፤ ያኔም የውስጥ ክፍል የሌለውን ዓይነት። በዋጋ ይቀላል፣ ከውጭ የሚታየው ዝርዝር ደግሞ ያው ነው።