እኔ አላየሁት፣ እሱ አልሰማኝ፣ ልብሱ ግን ልክክ አለ

የእህቴ ሰርግ በሰላም አለፈ። ፎቶውን ያያችሁ ሁሉ «ኮቱን የት አሰፋኸው?» እያላችሁኝ ነው። እሺ፣ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን ምሬቴን ላውጣ።

ዓይነ ስውር ነኝ። ልብስ ማሰፋት ለኔ ሁሌም ፈተና ነው። አንዱ ጋ ከእህቴ ልጅ ጋር ሄድኩ። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ሰፊው እኔን ትቶ ልጁን «ምን ዓይነት ቀለም ይፈልጋል?» ይለዋል። «ጠበብ ይበልለት ወይስ ሰፋ?» ይለዋል። እኔ እዚያው ቆሜ! ልጁ ግራ ገብቶት «አጎቴ፣ ምን ልበለው?» አለኝ። ሌላው ጥቁር ነው ብሎ የሰፋልኝን ሱሪ ለወራት ቢሮ ለበስኩት። አንድ ቀን ባልደረባዬ ፈራ ተባ እያለ «ይሄ ሱሪ ቡናማ መሆኑን ታውቃለህ?» አለኝ። ከጥቁር ኮት ጋር ነበር የምለብሰው። ሦስተኛው «ነገ ና» እያለ አራት ጊዜ አመላለሰኝ። ልብስ ሰፊና ቀጠሮ ድሮም አይተዋወቁም፣ እሱስ ይሁን። ግን በተቆፋፈረ መንገድ ላይ በነጭ በትር አራት ጊዜ መመላለስ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ መካኒሳ አካባቢ ያለ ሰፊ ጠቆመኝ። መስማት የተሳነው መሆኑን ግን አልነገረኝም። (ሆን ብሎ ነው። አልለቀውም።)

ገብቼ «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። የስፌት መኪናው ግን ይሠራል። ንቆኝ ነው ብዬ ልወጣ ስል በበሩ ታልፍ የነበረች ሴት «ኧረ እሱ አይሰማም!» አለችኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። መኪናው ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ መሰለኝ፣ እጄን በቀስታ ይዞ መዳፌ ላይ በጣቱ መጻፍ ጀመረ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ የተማርኩት ብሬል ነው፣ የፊደሉን ቅርጽ አላውቀውም። ስልኬን አውጥቼ «ዓይነ ስውር ነኝ። ለሰርግ ሙሉ ልብስ እፈልጋለሁ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። እሱም ጽፎ መለሰልኝ፣ ስልኬ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። እንዲህ እየተቀባበልን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። በሕይወቴ ሰፊ በቀጥታ እኔን ሲያናግረኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የሱ ጽሁፍ አጭር አጭር ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፣ አማርኛ ለሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ሲለካኝ ቆይቶ «ግራ ትከሻ ዝቅ። ለምን?» ብሎ ጻፈ። ማንም ነግሮኝ አያውቅም! ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ የብሬል መጻሕፍት የተሸከምኩበት ትከሻ ነው። አንድ መማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲሆን ስንት ጥራዝ እንደሚወጣው ያየ ይፈርዳል። ውስጡ ምን እንዳደረገለት አላውቅም፣ ስለ ስፌት የሚገባኝ ነገር የለም። ብቻ ለብሼው እህቴ «ቀጥ ብለሃል» አለችኝ።

ግን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። ረቡዕ ሄጄ (ቀጠሮው ሐሙስ ነበር፣ ቀድሞ ጨርሶ ነው የጠራኝ!) ኮቱን ስቀበል ጣቴን ወስዶ ከአንገትጌው ሥር አስነካኝ። አንዲት ትንሽ የክር ቋጠሮ። ሱሪው ወገብ ላይም አለች። «አንድ = ሰማያዊ። ጥቁር ሁለት አደርጋለሁ። ያለህን ልብስ አምጣ» ይላል ስልኬ። የቡናማውን ሱሪ ታሪክ እንደቀልድ ነግሬው ነበር። በማግስቱ ቁም ሳጥኔን ጠቅልዬ ሄድኩ። ሁሉንም ቋጠረልኝ፣ አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም። አሁን ጠዋት ማንንም ሳልጠይቅ እለብሳለሁ።

ሙያውን ማን መረጠልህ አልኩት። እኛ ዓይነ ስውሮች «ሕግ ወይም መምህርነት» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ ሒሳብ እወድ ነበር፣ ይኸው ነገረ ፈጅ ሆኜ ቀረሁ። መስማት የተሳናቸውን ደግሞ ወደ እንጨት ሥራና ወደ ስፌት ይገፏቸዋል። እሱ መጀመሪያ አንድ መሥሪያ ቤት አመልክቶ «ስልክ ሲደወል ማን ያነሳል?» ብለው መልሰውታል። ደሜ ፈላ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 እኮ አካል ጉዳተኛን በሥራ ማግለል ይከለክላል፣ ክስ ቢቀርብ የማስረዳቱን ሸክም ያነሳልሃል ብዬ አንቀጽ ልጠቅስለት ስጀምር ሳቀ። ሳቁን ሰማሁት፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው። «ስፌት እወዳለሁ። መኪና ሲታመም በእጄ አውቃለሁ» አለኝ።

እባካችሁ ሂዱ። ሠርግ ያላችሁ፣ የምርቃት ልብስ የምታሰፉ፣ ሂዱ። ስትገቡ አትጩሁ፣ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጉ፣ ንዝረቱን ያውቃል። አጠር አድርጋችሁ ጻፉ። ከጎናችሁ ላለው ሰው ሳይሆን ለሱ ንገሩት። ስልኩን እዚህ አለጥፍም፣ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እሰጣለሁ።

እስከ ሐሙስ ግን ታገሱ፣ የጓደኛዬን ኮት ይዟል። ያንን ሳይነግረኝ የላከኝን።